የግራ ጉልበቴ ይግባኝ

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ማን መሆኔን ልናገር፤ አለዚያ አንባቢ ተራ ሰው የሚያወራው ይመስለዋል። በኬንያ ሞያሌ፣ ከገበያው እስከ ድንበሩ ኬላ ድረስ፣ ማንንም አቁማችሁ «ማመልከቻ አሳምሮ የሚጽፍ ሽማግሌ የት ነው?» ብትሉ ሰውየው አፉን እንኳ ሳይከፍት በአገጩ ወደ ቡሎን ሱቄ ያመለክታችኋል። ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ ቀዳዳ ነው። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከደጋ የመጣው ነጋዴ አባቴ ስኳር ይጠቀልልባቸው ከነበሩ አሮጌ ጋዜጦች ነው፤ በዚህም የተነሣ የብዙ ወሬ መጀመሪያ አውቃለሁ፣ መጨረሻው ከስኳሩ ጋር ተሸጦ ሄዷል። ስዋሂሊን ገበያ፣ ኦሮምኛን ጎረቤት አስተማረኝ። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ የኬንያ ጦር ነው። ጦሩ ስል አንድ መጽሐፍ ማለቴ ነው፤ ወታደር ሆኜ እነዳው በነበረው የውሃ ቦቴ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ የጥገና መመሪያ። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲጋራ ሲያጨሱ እኔ ስለ ፍሪሲዮን አነብ ነበር። ዛሬ እንግሊዝኛዬ እንከን የለውም፤ ትንሽ ግራሶ ግራሶ ይሸታል እንጂ።

ስለዚህ የአጎራባቹ የኦዳ መንደር ሰው ፍየሉ በመኪና ሲገጭበት፣ የጎዶማ መምህር ዝውውር ሲፈልግ፣ መጥቶ የቡሎን ሳጥኔ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ሹም ለአንዲት መበለት የጻፍኩላትን የቦታ አቤቱታ አንብቦ «ይህ የቦታ ጉዳይ ነው ወይስ የሞተር?» አለ ይባላል። ቦታዋን ግን መለሰላት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው የራሱን ማመልከቻ ሲጽፍ የደረሰበትን ስሙ።

ጉዳዩ የግራ ጉልበቴ ነው። ግራ እግር የፍሪሲዮን እግር ነው፤ ሾፌር የሆነ ያውቀዋል። በወታደርነቴ ጊዜ፣ በረሃ ውስጥ ሰፍሮ ውሃ ለሚጠብቅ ሻምበል ጦር ቦቴውን ሞልቼ ስሄድ ደረቅ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ። አብሮኝ የነበረው ተለዋጭ ሾፌር ጋልገሎ ነው፤ የሶሎሎ ቦረና፣ በጦሩ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ የተዋጣለት ሾፌር። ክሪኩን አሸዋው ላይ ተከልኩት። አሸዋ ላይ ክሪክ ሲቆም ከሥሩ ጣውላ መነጠፍ እንዳለበት መጽሐፉ ይናገራል፤ ገጹንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ጣውላውን ግን በዚያው ቀን ጧት ሻይ አፍልተንበታል። ክሪኩ ሰመጠ፤ ቦቴው ወረደ፤ ጉልበቴ ከሥሩ ነበር። ጋልገሎ በብረት ዘንግና በድንጋይ አንሥቶ አወጣኝ፤ ጎማውን ለወጥን፤ ማለቴ እሱ ለወጠ፣ እኔ ተኝቼ መራሁት። ውሃው ደረሰ።

ወደ ጦሩ ሐኪም የሄድኩት ግን ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ «እንዲሁ ያመኛል» አልኩት። መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ ሾፌር በገዛ ክሪኩ ተቀጠቀጠ ከሚባል እንዲሁ ቢያመኝ ይሻላል። ሐኪሙም «እንዲሁ ያመዋል» ብሎ ጻፈ። ያቺ አንድ መስመር ስንት መንገድ እንዳስኬደችኝ ወደ ፊት ታያላችሁ።

ጡረታ ወጥቼ ስሸመግል ጉልበቱ ያን ቀን ያስታውስ ጀመር። መጀመሪያ ደረጃ ከለከለኝ፤ ቀጥሎ አልጋ ከለከለኝና ወንበር ላይ መተኛት ጀመርኩ። ሶሎሎ ባለው የሚሲዮን ሆስፒታል ያየኝ ዶክተር የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ «አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ በሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ እግር አይቆሙም» አለኝ። «ወታደር ከነበሩ ያመልክቱ። በአገልግሎት ላይ የደረሰ ጉዳት ነው ብለው ከተቀበሉ የጦሩ ሆስፒታል ያክምዎታል።»

ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ለአስካለ ነገርኳት። አስካለ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ የምትናገረው ጥቂቱ ግን ሁሉም ስለ እኔ ነው።

«ለአገሩ ፍየል ሁሉ ስትጽፍ ኖረህ ለራስህ እግር ምን ያስቸግርሃል?» አለችኝ።

ምንም አላስቸገረኝም። ቅጹን ያተመችልኝ፣ ኮምፒውተር ቤት ያላት ሐቢባ «ልሙላልዎት ሙዜ?» ብትለኝ ሣቅሁ። ሙዜ ማለት እዚህ ለሽማግሌ የሚሰጥ የስዋሂሊ አክብሮት ነው፤ እርዳታው ግን አክብሮት አልመሰለኝም። ራሴ ሞላሁት። ወደ ጦሩ የገባሁበትን ቀን ከስንብት ደብተሬ ገለበጥኩ። የተጎዳሁበትን ቀን ደግሞ ከግል ማስታወሻዬ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያልተቋረጠ፣ ነዳጅ የተቀዳበት እንኳ የማይቀርበት ማስታወሻ አለኝ። እንዲህ ዓይነት መዝገብ ያለው ጡረተኛ በዚህ ድንበር ላይ ሌላ የለም።

መልሱ ከጦሩ የጡረታ ቢሮ በሦስተኛው ወር መጣ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ አመልካቹ በሰጡት ቃል መሠረት ጉዳቱ የደረሰው ወደ ጦሩ ከመግባታቸው ሰባት ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዐሥራ አንድ ስለ ነበረ ጥያቄውን አልተቀበልነውም።

ሦስት ቀን ሙሉ ቢሮውን ሰደብኩ። መደመር የማይችል ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠዋል አልኩ። በአራተኛው ቀን አስካለ ወረቀቱን ከማስታወሻዬ ጋር ይዛ፣ ከቤተ ክርስቲያን የገዛነው የቀን መቁጠሪያ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ቆመች።

«ይህን ማስታወሻ በየትኛው አገር ዓመት ነው የምትጽፈው?»

«በአባቴ ነዋ» አልኩ።

«ደብተሩስ?»

የኬንያ መንግሥት ደብተር በኬንያ ዓመት እንደሚጻፍ ለማንም ግልጽ ነው፤ ለእኔም ግልጽ ሆነልኝ።

«ታዲያ በዐሥራ አንድ ዓመትህ ፍሪሲዮኑን እንዴት ደረስክበት?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስቻለሁ፣ ቀኑ ይታረምልኝ» ብሎ ሁለት መስመር ይጽፋል። እኔ ግን በሁለት መስመር የሚጽፍ ሰው አይደለሁም። ዘጠኝ ገጽ ይግባኝ ጻፍኩ። ስምንቱ ገጽ ስለ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር መሆኑን፣ ጳጉሜን አንዳንድ ጊዜ አምስት አንዳንድ ጊዜ ስድስት ቀን መሆኗን፣ ስሕተቱ የእኔ ሳይሆን የዓለም አለመስማማት መሆኑን አስረዳሁ። በዘጠነኛው ገጽ ጉልበቴን በማውቀው እንግሊዝኛ ገለጽኩ፦ የግራው ኩሽኔታ አልቋል፤ ቅባቱ ደርቋል፤ ጭነት ሲበዛበት ድምፅ ያሰማል፤ ሳይፈታ መጠገን አይቻልም። ሐቢባ ስትተይብ ሁለት ጊዜ ቆማ አየችኝ። «ሙዜ፣ ይህ ለሐኪም ነው አይደል?» አለች። «የገባው ሁሉ ያነበዋል» አልኳት።

ቢሮው ስለ አቆጣጠሩ ላደረግሁት ማብራሪያ አመስግኖ ናይሮቢ በሐኪሞች ቦርድ ፊት እንድቀርብ ጠራኝ። አሸነፍኩ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገርኩ።

አስፋልቱ ተሠርቶ ያለቀበት ሰሞን ስለ ነበር መንገዱ አልጎዳኝም፤ የጎዳኝ ዝግጅቴ ነው። ሱፌን አስተኩሼ፣ ጫማዬን እንደ መስታወት ወልውዬ፣ ሜዳሊያዬን ደረቴ ላይ አድርጌ ነበር የሄድኩት። አስካለ በር ላይ አየችኝና «ልትታከም ነው የምትሄደው ወይስ ልትዳር?» አለች።

የቦርዱ ክፍል በር ሲከፈት ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል፤ የመካከለኛው ትከሻ ላይ የኮሎኔል ማዕረግ አለ። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን እኔ አላደረግሁትም፤ ሰውነቴ ነው ያደረገው። ደረቴ ተነፋ፣ ክንዴ ተወዛወዘ፣ ጠረጴዛው ፊት ደርሼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በእኛ ጦር ቀጥ ብሎ መቆም ማለት ግራ ጉልበትን እስከ ወገብ አንሥቶ ወለሉን በኃይል መምታት ነው። መታሁት። የጠረጴዛው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ዓይኔ በእንባ ሞላ፤ ኮሎኔሉ የአገር ፍቅር መሰለውና ራሱን ነቀነቀልኝ።

«እንዴት ነዎት ሙዜ?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ጉልበትዎስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ያምዎታል?»

«ይቻላል ዶክተር። ምን ይደረጋል፤ ከእኔ የባሰ አለ።»

አሳዳጊ ያለው ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ሌላ ምን ይመልሳል? ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ቀጥሎ ሰው እንዲቀመጥ ይጋብዛል፤ ከሻይ በኋላ ነው ስለ እሳቱ የሚያወራው። እኔም ጠያቂው እየደጋገመ እንዲለምነኝ፣ ቀስ ብዬም እንድነግረው እየጠበቅሁ ነበር። እነሱ ግን የመጀመሪያውን መልስ ነው የሚጽፉት። «ቁጭ ብድግ ማለት ይችላሉ?» ሲሉኝ እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ሁለት ጊዜ ቁጭ ብድግ አልኩ። ሦስተኛውን ሳልጠየቅ ጨመርኩ። ስወጣ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ይዤ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ፤ ይህን ግን የጻፈልኝ ሐኪም የለም።

ሁለተኛው ውሳኔ ከመጀመሪያው አጠረ። አመልካቹ ጉልበታቸው ደህና መሆኑን ደጋግመው ገልጸዋል፤ ሰልፈኛ አካሄድ ይሄዳሉ፤ ሳይጠየቁም ቁጭ ብድግ ይላሉ። በተጨማሪም የጦሩ የሕክምና መዝገብ «እንዲሁ ያመዋል» ከማለት በቀር በአገልግሎት ላይ ስለ ደረሰ አደጋ አይናገርም። አንድ የመጨረሻ ይግባኝ ይፈቀዳል፤ የዓይን ምስክር ያስፈልጋል።

አስካለ ወረቀቱን አንብባ አጠፈችው። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም። «ወንድነትህን እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «እነሱ እግርህን ነው የጠየቁህ።»

በማግሥቱ በፒክአፕ ወደ ሶሎሎ ሄድኩ። ጋልገሎ ሽማግሌ ሆኗል፤ ጥምጥሙን አስሮ ከግመሎቹ አጠገብ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ሳያመነታ እሺ አለኝ። ከዚያ ግን በዱላው መሬቱን እየቆረቆረ ቆየ።

«ያ ጃላ፣ ምን ልበላቸው?» ጃላ ማለት ወዳጅ ማለት ነው።

«ያየኸውን።»

«ያየሁትን ሁሉ?»

«የሚያስፈልገውን» አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘልዬባችኋለሁ፤ አልካድኩም። ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ለይግባኙ ችሎት ናይሮቢ አብረን ወረድን። በሩ ላይ የጋልገሎን ዱላ ተቀበሉት፤ ያለ ዱላ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። በስዋሂሊ ጠየቁት፤ እሱም በስዋሂሊ መለሰ።

«ይህን ሰው ያውቁታል?»

«ይህ? ይህ አንበሳ ነው» አለ ጋልገሎ። ደስ አለኝ።

«ቦቴው በጉልበታቸው ላይ ሲወርድ አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ወረደበት።»

«ተጎዱ?»

«እሱ?» ጋልገሎ ተቆጣ። «ወንድ ነው እኮ። ቦቴው ይጎዳ እንደሆነ እንጂ።»

«ተራምደዋል ከዚያ በኋላ?»

«ከእኔ ቀድሞ።»

«ሕመም አሳይተዋል?»

«አላሳየም። ልጆቼ ሲፈሩ የዚህን ሰው ስም ነው የምጠራላቸው።»

ጋልገሎ አልዋሸም ማለት አይደለም፤ ግን በእኛ አገር ሰው ወዳጁን በባዕድ ፊት ሲያነሣ እንዲህ ነው የሚያነሣው። የወዳጅህን ድካም ሹም ፊት ከተናገርክ መሰከርክለት አይባልም፣ ሸጥከው ነው የሚባለው። ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ፋይሉን መዝጋት ሲጀምሩ ይታየኛል፤ ቀስ ብለው ነበር የሚዘጉት።

«ሙዜ፣ በገዛ ምስክርዎ ቃል አልተጎዱም» አሉ። «ሌላ የሚሉት አለ?»

የጻፍኩት ንግግር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አራት ገጽ። ሳወጣው ዶክተሩ ያለው መጣብኝ፤ በዚህ እግር አይቆሙም። ንግግሩን መልሼ ከተትኩት።

«ጋልገሎ» አልኩ በኦሮምኛ፤ «ያን ቀን ያስገባሁህን ቃል መልሼልሃለሁ። ንገራቸው።»

ጋልገሎ ወደ ሰብሳቢዋ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ።

«ሴት አሉ» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«ይስሙ።»

«ኋላ አንተ ትጣላኛለህ።»

«አልጣላህም። ሁሉንም ንገራቸው።»

ነገራቸው። ቦቴው ሲወርድ የጮኽኩት ጩኸት ከወንዙ ማዶ ያሉ ግመሎች ሸክማቸውን ጥለው እስኪሸሹ ድረስ እንደ ነበር። በአማርኛ እናቴን፣ በኦሮምኛ የእሱን እናት፣ በስዋሂሊ የሻለቃውን እናት እንደ ጠራሁ። ተሸክሞ ጋቢና ሲያስገባኝ አንገቱን ይዤ እንደ ጥጃ እንዳለቀስኩ፤ መንገዱን ሁሉ እሱ እንደ ነዳ፤ ለማንም እንዳይናገር እንዳስማልኩት። ዐሥሩን ቀን ድንኳን ውስጥ ተኝቼ፣ ተረኛ ስጠራ እሱ በእኔ ቦታ ይነዳ እንደ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሣቀም። እኔ ወለሉን አይ ነበር። ጥሩ ወለል ነው።

«ቀኑን በምን ያረጋግጣሉ?» አሉ ሰብሳቢዋ፤ ብዕሩን መልሰው አንሥተዋል።

«በሸሚዜ» አለ ጋልገሎ። «ጉልበቱን ያሰርኩለት ሸሚዜን ቀድጄ ነው። በማግሥቱ የጦሩን ንብረት አጠፋህ ብለው ቀጡኝ፤ ሰባት ቀን ከሥራ በኋላ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ሸሚዙ የት ገባ ሲሉኝ ግመል በላው አልኩ።»

ቀና ብዬ አየሁት። እንደተቀጣ አላውቅም ነበር። እነዚያን ጉድጓዶች አስታውሳለሁ፤ ድንኳን ውስጥ ተኝቼ «ጋልገሎ ምን ነክቶት ነው የሚቆፍረው?» ብዬ ሌሎቹን ወታደሮች ጠይቄ ነበር።

የጋልገሎን አሮጌ ፋይል አስመጡ። ስናበቃ ከሰዓት ሆኗል። «አንድ ሸሚዝ፤ በቃሉ መሠረት በግመል የተበላ» የሚል መስመር ተገኘ፤ ሰብሳቢዋ ቀኑን ከማስታወሻዬ ጋር አስተያዩ፤ የእኔው ወደ ኬንያ ዓመት ሲመለስ የቅጣቱ ቀን ልክ በአንድ ቀን ነው የሚበልጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጉልበትዎ እንዴት ነው ሙዜ?» አሉኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን ልል አፌን ከፈትኩ። ጋልገሎ እግሬን በእግሩ ነካኝ።

«ያመኛል» አልኩ። «አልጋ ላይ መተኛት ካቆምኩ ከዓመት አልፎኛል። ሽንት ቤት ስሄድ ሚስቴ ናት የምታነሣኝ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ ስናገረውም የመጀመሪያዬ ነው። አጭር ነበር። ሰብሳቢዋ እንዳለ ጻፉት።

ውሳኔው በሁለተኛው ወር ሞያሌ ደረሰ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ድካም ምን ምን እንዳሳካሁ አንባቢ ራሱ ይፍረድ፦

የግራ ጉልበቴ በአገልግሎት ላይ ሳለሁ መጎዳቱ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበታል። ወረቀቱን በመስታወት አስገብቼ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ቡሎን የሚገዛ ሁሉ ያነበዋል፤ ለማያነብ አነብለታለሁ።

በጦሩ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ሐኪሙ ስለ ሥራው ሲያስረዳኝ ሁለት ቦታ አርሜዋለሁ።

አልጋ ላይ እተኛለሁ። አስካለ የወንበሩ ጊዜ ጸጥታ ነበረው ትላለች።

ከጋልገሎ ፋይል ላይ ያ ቅጣት እንዲሰረዝ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሁለቱ መልስ አላገኙም፤ ሦስተኛው «እየታየ ነው» ተብሏል። አራተኛውን ጀምሬያለሁ፤ እስኪሰረዝ አላቆምም። ሸሚዝ ገዝቼም ወስጄለታለሁ፤ ለግመል ጥበቃ ይበዛል ብሎ ሰቅሎታል።

ወሬው በመሰማቱ እስከ ሶሎሎ ያሉ አሮጌ ወታደሮች ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሰባቱን ጉዳይ ይዤ አምስቱ ተፈቅዶላቸዋል። ሁሉንም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የት ቦታ እንዳለቀሱ ነው። ሁለቱ አላለቀስንም ብለው ተነሥተው ሄደዋል፤ የእነሱ ጉዳይ አሁንም እዚያው ቢሮ ነው ያለው።